የቅድስት ኦድሪ ማተብ

ሟቿ ትራስ ነበራት። ተርስታን ሄል ጎንበስ ብሎ ወደ ሱቁ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑን የያዘው ይኸው ነበር። ማተብ ሻጯ ከስታንስ ዌይት ከሥራ አግዳሚዋ ሥር በጀርባዋ ተንጋላለች። እግሮቿ ተገጣጥመዋል፣ ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በሥርዓት ተስቧል፣ ከራሷ ሥር የገዛ ራሷ ነጭ ሻሽ ተጣጥፎ ገብቷል። ፊቷ ግን ጠቁሯል፣ አንገቷም ዙሪያውን በልዟል። በበለዘው አንገቷ ላይ ቀይ የሐር ማተብ አለ።

ተርስታን የጳጳሱ የሞት መርማሪ ሆኖ ያረጀ፣ ጉልበቱ የታመመ፣ ምላሱ የመረረ ሰው ነው። የዓመቱን ገበያ አይወድም። የጉሮሮ ሕመም ታድናለች በምትባለው በቅድስት ኦድሪ በዓል ሰሞን፣ መቃብሯ ያለባት የኢሊ ከተማ ከረግረጉ ዙሪያ በጀልባ በሚጎርፍ ሰው ትሞላለች፤ ጠላው ይቀጥናል፣ ዋጋው ይወፍራል፣ ሌባው ሁሉ ተሳላሚ ነኝ ይላል። በዚህ ላይ ሬሳ ሲጨመርበት ጉልበቱ ይብስበታል።

«ነገሩ ያለቀ ነው ጌታዬ» አለ የከተማው ዘብ አለቃ ባርናቢ፣ ከበሩ ሳይርቅ። «ያነቀቻት ሠራተኛዋ ሲስሊ ናት። ጠዋት ከሬሳው አጠገብ ቁጭ ብላ አገኘናት። ማተቡን የምትጎነጉነውም እሷው ናት። ትናንት ከሰዓት ሲጨቃጨቁ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

«በምን ተጨቃጨቁ?»

«አንዷ ልሂድ ትላለች፣ ሌላዋ አትሄጂም ትላለች። የሠራተኛና የእመቤት ጭቅጭቅ ነው።»

«ለዚህ የሚገደል ቢሆንማ በኢሊ በሕይወት ያለች እመቤት ባልተገኘች» አለ ተርስታን፣ ጉልበቱን እየረገመ ሲንበረከክ።

ብልዙ የአውራ ጣት ያህል ወርድ ነበረው፤ ዳር ዳሩም ቆዳው አልተቆረጠም። ማተቡ ግን ከስንደዶ አይወፍርም። ሁለት ጣቱን በማተቡና በአንገቷ መሃል ሲሰድ ያለ ምንም ችግር ገቡለት። ቋጠሮው ከፊት ነው፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ በላዩም ቡናማ ሰም ተንጠባጥቦበት ደርቋል። ተርስታን ቋጠሮውን ሳይፈታ ማተቡን በራሷ በኩል አወጣውና ባርናቢ ቀርቦ ሳያየው ከኪሱ ከተተው። ከዚያ ሻሹን ከራሷ ሥር ሳበና ዘረጋው። ከጥግ እስከ ጥግ የመጠምዘዝ ጭምድድ አለበት።

«ባርናቢ፣ በምን ታነቀች?»

«በማተቡ ነዋ።»

«አንተ በዚህ ማተብ ዶሮ አታንቅም። የታነቀችው በሻሿ ነው። ከዚያ ያው ሻሽ ተጣጥፎ ትራስ ሆነላት። በሩስ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም። ለዚህ እኮ ነው ሲስሊ ናት የምለው» አለ ባርናቢ። ይህ እንኳ እውነት ነበረው፤ ሻሽ ማጠማዘዝ ለማንም እጅ አይከብድም።

ሕጉን ሁለቱም ያውቁታል። ከሰዓት በኋላ የሸንጎው ሰዎች ሬሳው ባለበት ይሰበሰባሉ፤ ጣታቸውን በአንድ ሰው ላይ ከቀሰሩ የጳጳሱ ዳኛ ለበዓሉ እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ሲስሊ ገበያው ሳይበተን ትሰቀላለች። ከተማው ደግሞ ነገሩ ቶሎ ቢያልቅለት ይወዳል፤ ነፍሰ ገዳይ ባልተያዘበት ገበያ ማንም ልጁን ይዞ አይመጣም።

ሲስሊ በግንቡ ሥር ባለው እስር ቤት ጭድ ላይ ተቀምጣ ነበር። ገና ልጅ ናት። ተርስታን ማተቡን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። አንድ ልማድ አለው፤ ዕቃ ያሳይና ምን ትሉታላችሁ ብሎ ይጠይቃል። ሰው ለዕቃው በሚሰጠው ስም ውስጥ ራሱ ተደብቆ ይገኛል ብሎ ያምናል።

«ይህን ምን ትይዋለሽ?»

«ማተብ ነው ጌታዬ። የቅድስት ኦድሪ ማተብ» አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ አየችው። «ግን የእኛ አይደለም። ይሄ የድሮ ነው፣ ጥርት ያለ ሐር። የእኛ ከለንደን ነው የሚመጣው፣ የናስ ክር ገብቶበት የሚያብለጨልጨው።»

«አንቺ ትጎነጉኛለሽ አይደል የሚባለው?»

«ሰው እንዲያየኝ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እጎነጉናለሁ። ማታ እፈታዋለሁ፣ ጠዋት ያንኑ መልሼ እጎነጉናለሁ።» አንገቷን ደፋች። «ለዚህ ነው ልሂድ ያልኳት። እናቶች ልጆቻቸውን ጉሮሯቸው አብጦ ይዘው ይመጣሉ። ያ ማተብ የቅድስቲቱን መቃብር ነክቷል እያልኩ መማል አቃተኝ። ተጣላንና አክስቴ ቤት አደርኩ።»

«እሷ ራሷ በአንገቷ ማተብ ታስር ነበር?»

«አንገቷ ባዶ ነው። የራሷን በአንድ ዓመት በዓል ሸቀጥ ሲያልቅባት ለተሳላሚ ሸጠችው ይባላል። እሷም እየሳቀች ታወራዋለች።»

«ጠዋት ካገኘሻት በኋላ ለምን አልጮኽሽም?»

«እጇን ይዤ ነበር። ቀዝቅዞ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረችም እኮ ጌታዬ፤ ትቀልዳለች እንጂ።» ቀና ብላ «ይሰቅሉኛል?» አለችው።

«እኔ ካልፈጠንኩ፣ አዎ» አላት። ሊያጽናናት ይችል ነበር፤ ግን ውሸቱ ከሰዓት በኋላ ይደርስበታል። ማልዶ የጀመረው የጉልበቱ ሕመም ወደ ልቡ የወጣ መሰለው።

የለንደኑ ነጋዴ ፒርስ ኮል ዳሱን የተከለው ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ነው። ጣቶቹን ቀለበት ሞልቷቸዋል፣ ዳሱም ከላይ እስከ ታች በማተብ፣ በመቁጠሪያ፣ በናስ አበባ ተንዠርግጓል። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይንሿሿል። ተርስታን አንዱን አብለጭላጭ ማተብ ብድግ አድርጎ «ይህን በለንደን ምን ትሉታላችሁ?» አለው።

«ኦድሪ ነዋ።»

«የቅድስቲቱን ስም?»

«"ቅድስት" የሚለው መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል» አለ ነጋዴው እየሳቀ። «በለንደን አንዲት ሴት ከመጠን በላይ አጊጣ ስትወጣ ኦድሪ መሰለች ይሏታል። ዓይን የሚስብ፣ ርካሽ፣ ከበዓል የማያልፍ ጌጥ ማለት ነው። ስድብ ነው፤ ግን ይሸጣል። የመቁጠሪያችንን ትልልቅ ፍሬዎችስ ጎድ እንላቸው አልነበር? በጸሎቱ መሃል ደስ ይበልሽ፣ በላቲን ጎዴ፣ የሚባልባቸው። ዛሬ ጎዲ ስንል ዓይን የሚያጭበረብር ቀለም ማለታችን ነው። እኔ ምን ላድርግ? ቃልም እንደ ልብስ ነው፤ ሲለበስ ይነጣል።»

«ከስታንስ ከአንተ ነበር የምትገዛው?»

«ሁለት በዓል ሙሉ። ጎበዝ ነጋዴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረውና።»

«ወደ መቃብሩ ወስዳ ታስነካቸው ነበር?»

«የት! ከጭነቴ ቀጥታ ወደ ዳሷ ነው። ትናንት ማታ ጠላ ቤት ይህንኑ ሳወራ ሰዉ በሳቅ ሊሞት ነበር።»

«ሁሉም ሳቀ?»

ፒርስ ኮል ግንባሩን አከከ። «አንድ ዓሣ አጥማጅ ጠላውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ጠላው መጥፎ ስለሆነ መስሎኝ ነበር።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ጌታዬ ደግሞ፤ የረግረግ ሰው ሁሉ ለእኔ አንድ ነው። ጭቃና ጫማ።»

ተርስታን፣ እሱ ራሱ የረግረግ ሰው ልጅ፣ ማተቡን መልሶ ሰቀለለትና ሄደ።

የመቃብሩ ጠባቂ አባ ኦስበርት በተሳላሚ ብዛት ድምፃቸው ተዘግቷል። ተርስታን ከዓምዱ ኋላ አስጠግቶ አሮጌውን ማተብ በመዳፋቸው አኖረላቸው። መነኩሴው ሰሙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ከዚያ ሳሙት።

«ከየት አገኘኸው ልጄ?»

«እርስዎ ያንጠባጠቡት ሰም ነው?»

«የለም፣ የእኔማ ነጭ ነው። እንዲህ ያለውን ቡናማ የማር ሰም ያንጠባጥቡ የነበሩት ከእኔ በፊት የነበሩት አባ ናቸው፤ እኔ ስመጣ አርጅተው ነበር። ማተቡ መቃብሩ ላይ ያድራል፣ እናት በልጇ አንገት ትቋጥረዋለች፣ ቋጠሮው እንዳይፈታ ሰም ይደረግበታል። ከዚያ ባለቤቱ እስኪሞት ከአንገቱ አይወርድም። ይህን የቋጠረች እናት ዛሬ ከአፈር በታች ናት።»

«ከስታንስ ማተቦቿን ታመጣ ነበር?»

መነኩሴው ወደ መቃብሩ ዞር አሉ። «ድሮ በየዋዜማው ቅርጫቷን ተሸክማ ትመጣ ነበር። ሁለት ዓመት ሆነ፤ ቀረች። በዳሷ ግን የቅድስቲቱን ስም እየጠራች ስትሸጥ እሰማ ነበር። ገበያው ለገዳሙ ደግ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የዝምታዬን ነገር እዚያ እጠየቅበታለሁ።»

ተርስታን አላጽናናቸውም። አሁን የሚያውቀው ነገር ቀላልና ከባድ ነበር፤ ገዳዩ የዘመናት ማተቡን ከአንገቱ አውልቆ ለሟቿ አጥልቆላታል። እንዲህ የሚያደርግ ሌባ የለም፣ እንዲህ የሚያደርግ ጠላትም የለም።

የሟቿ ወንድም ሬይነር ዌይት ከወንዙ ዳር የዓሣ ቅርጫቶቹን ያጥብ ነበር። ፊቱና ክንዱ በፀሐይና በነፋስ እንደ አሮጌ ቆዳ ጠቁሯል። እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሎ በቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ይሠራል፤ አንገቱን ግን በወፍራም የሱፍ ጨርቅ ጠምጥሞታል።

«እግዜር ያጽናህ ሬይነር።»

«አሜን ጌታዬ።»

«ሬሳዋን አየህ?»

«የት አሳዩኝ። ዘቡ ከደጅ መለሰኝ። ገበያው ግን ይነግረኛል፤ በራሷ አዲስ ማተብ ታነቀች ይላል።»

«አንገትህን ምን ነካህ?»

«ብርድ ብርድ ይለኛል። የረግረግ በሽታ ነው፣ ያውቁት የለ።»

ተርስታን የተጠቀለለውን እጅጌ አየ፣ ውኃውንም አየ። «ልጅህስ፣ ፐርኔል እንዴት ናት?» አለ በመጨረሻ።

ሬይነር ቅርጫቱን ገለበጠ። «በጾሙ ሰሞን ሞተች። ጉሮሮዋ አብጦ።»

ተርስታን አልሰማም ነበር። ይህን ሁሉ ሰው እየጠየቀ ይህን አለመስማቱ አሳፈረው። «ወንድሟ አንተ ነህና ልጠይቅህ» አለ። «በእህትህ አንገት ላይ የነበረውን ማተብ ለማን ልስጠው?»

«ያንን አሮጌ ገመድ ምን አደርገዋለሁ» አለ ሬይነር፣ ቀና ሳይል። «ከእሷ ጋር ይቀበር።»

ተርስታን አመስግኖ ሄደ። ነገሩ ከእጁ ገብቷል፤ ግን ደስ አላለውም። እንዲያውም ዛሬ ሌላ ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ተመኘ።

ከሰዓት በኋላ ሬሳው በሱቁ ጓሮ በሳንቃ ላይ ተዘረጋ። የሸንጎው ሰዎች ኮፍያቸውን አውልቀው ዙሪያውን ቆሙ። ፒርስ ኮል ገበያዬ ተበላሸ እያለ ያጉረመርማል፣ አባ ኦስበርት መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፣ ሬይነር ከአጥሩ ተደግፏል። ባርናቢ ሲስሊን እጇን አስሮ አመጣት። አንዱ የሸንጎ ሰው «ቶሎ ጨርሰው ተርስታን፣ ዳሴ ላይ ሰው አልተውኩም» አለ።

«የምንጨርሰው ሸቀጥ ሳይሆን የሰው ነፍስ ነው» አለ ተርስታን። «እዩት ይህን አንገት። ብልዙ ሰፊ ነው። ማተቡ ቀጭን ነው፤ ቋጠሮው ጠጥሯል፣ ከራሷ በላይ እስኪወጣ ድረስም ሰፊ ነው። እንዲህ ያለ ማተብ አያንቅም። ያነቃት ሻሿ ነው፣ ይኸው ጭምድዱ። ማተቡ የጠለቀላት ከሞተች በኋላ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይጠለቅላታል?» አለ ባርናቢ።

«ቆይ። ሲስሊ ናት ትለኛለህ። ሲስሊ የነበራት የፒርስ ኮል አብለጭላጭ ነው፣ ናስ የገባበት። ይህ ናስ የለውም። ሰሙ አባ ኦስበርት ወደ መቃብሩ ከመምጣታቸው በፊት የተንጠባጠበ ነው፤ ሲስሊ ያኔ አልተወለደችም። የሟቿም አይደለም፤ የራሷን ሸጣለች። እንግዲህ ይህ ማተብ ከልጅነቱ ጀምሮ ካሰረው ሰው አንገት የወረደ ነው።»

የሸንጎው ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዚያ ጓሮ ከነበሩት ግማሾቹ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ።

«ትናንት ማታ ፒርስ ኮል ጠላ ቤት አንድ ቀልድ አወራ። ከስታንስ የምትሸጠው ማተብ የቅድስቲቱን መቃብር አይቶት አያውቅም አለ። ሁሉም ሳቀ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ግን ተነሥቶ ወጣ። ከስታንስ ደግሞ በሯን የከፈተችው ለምታምነው ሰው ነው። ዛሬ ገበያው ሁሉ በአዲስ ማተብ ታነቀች ይላል። ማተቡ አሮጌ መሆኑን ያወቅነው እኔ፣ አባ ኦስበርትና እስር ቤት ያለችው ሲስሊ ብቻ ነን። ይሁን እንጂ ሬሳውን አላየሁም ያለ ሰው ማተቡን አሮጌ ገመድ ብሎ ጠራው።» ተርስታን ወደ አጥሩ ዞረ። «ሬይነር፣ ይህች ልጅ ልትሰቀል ነው። የፐርኔልን ፀጉር ትጎነጉንላት የነበረችው እሷ አይደለችም? ያን ጨርቅ ከአንገትህ አውልቀው።»

ሬይነር ሲስሊን አያት። ከዚያ ጨርቁን ቀስ ብሎ ፈታው። በጠቆረው አንገቱ ዙሪያ፣ ከስንደዶ የማትወፍር አንዲት ነጭ መስመር ነበረች። ፀሐይ ነክቷት አያውቅም።

ሲስሊ ማልቀስ ጀመረች።

«እሷን እንዲሰቅሏት አልተውም ነበር» አለ ሬይነር። «ከጠዋት ጀምሮ እነሣለሁ እያልኩ ቅርጫት ሳጥብ ዋልኩ።»

«አሮጌ ገመድ የሚለው ማን ነበር?» አለ ተርስታን።

«ልጄ» አለ ሬይነር። «ጉሮሮዋ ሲያብጥ እናቴ የቋጠረችልኝን ማተብ ከአንገቴ አውልቄ ላጠልቅላት ነበር። "ያንን አሮጌ ገመድ አልፈልግም አባዬ፣ አክስቴ የሰጠችኝ ያምራል" አለችኝ። ያብለጨልጭ ነበር፤ ጨለማ ውስጥ ሳይቀር። እህቴ መቃብሩ ላይ አድሯል ብላ በራሷ እጅ ነው ያሰረችላት። እንግዲያው ያው ነው ብዬ የእኔን መልሼ አጠለቅሁት።»

«ትናንት ማታስ?»

«ልጠይቃት ብቻ ነው የሄድኩት። የፐርኔል ማተብ መቃብሩን ነክቶ ነበር ወይ አልኳት። እሷም "ልጅ አልነበረችም? ብልጭልጩን ነው የወደደችው። ምን ልዩነት አለው?" አለችኝ። ሻሿን አውልቃ አግዳሚው ላይ ጥላው ነበር። ከዚያ በኋላ እጄ የሠራውን ነው ያየሁት።» ወደ ሬሳው ሳይሆን ወደ መሬት አየ። «አንገቷ ባዶ ነበር። እናታችን ብታያት ምን ትላለች? ያለ ማተብ እንዳትሄድ የእኔን ሰጠኋት።»

ባርናቢ የሲስሊን እጅ ፈታ፤ ገመዱን የት እንደሚያደርገው ግን ጨነቀው። በመጨረሻ ሬይነር ራሱ ሁለት እጁን ዘረጋለት። ተርስታን ማተቡን ከኪሱ አውጥቶ መንገዱን ዘጋበት።

«ያንተ ነው። እስከ ሞት አይወልቅም ይላሉ። ልመልስልህ?»

«ለእሷ ይሁን» አለ ሬይነር። «ለእኔ አንገት ሌላ ይዘጋጅልኛል።»

አባ ኦስበርት ማተቡን ተቀብለው በከስታንስ አንገት አጠለቁት፤ ሲስሊም የሟቿን ራስ ቀና አደረገችላቸው። ፒርስ ኮል ማንንም ሳይሰናበት ሄዷል።

ሬይነር የተሰቀለው በገበያው መዝጊያ ቀን ጠዋት ነው። ተርስታን እስኪያልቅ ቆሞ አየ፤ እሱ ያመጣው ሞት ስለሆነ ፊቱን ማዞር አልቻለም። ሲመለስ መንገዱ በዳሶቹ መሃል ነበር። ነጋዴዎቹ ኦድሪ፣ ኦድሪ እያሉ ይጣራሉ፤ ቅድስት የሚል አንድም አልሰማም።

ሲስሊ የእመቤቷን ዳስ እየጠበቀች ነበር። ናስ ያለባቸውን ሁሉ አውርዳ፣ በራሷ እጅ የጎነጎነቻትን አንዲት ቀይ ማተብ ብቻ ሰቅላለች። አንዲት እናት ልጅ አቅፋ ቆመች። የልጁ አንገት በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«መቃብሩን ነክቷል?» አለች ሴትዮዋ።

«ገና ነው እትዬ» አለች ሲስሊ። «ዛሬ ማታ አስነካዋለሁ። ነገ ጠዋት ይምጡና በእጅዎ ይቋጥሩለት።»

«ነገማ ጀልባችን ይሄዳል» አለች ሴትዮዋ። ልጁም በዚያ በኩል የሚያብለጨልጨውን እያየ እጁን ዘርግቷል። እናቲቱ ፈገግ አለችለትና ወደ ፒርስ ኮል ዳስ ይዛው ሄደች።